ዶራ አኩንዪሊ፦ ፎርጅድ መድኃኒት ያቃጠለችው ሳይንቲስት ፖለቲካ ውስጥ መግባቷ ልክ ነበር?

የቀበናው_ልጅ፦

ሰላም ወገን። ዛሬ ስለ አንዲት ናይጄሪያዊት ላወራ ነው። ዶራ አኩንዪሊ ትባላለች። ፋርማሲስት፣ ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረች፤ ከዚያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ ሚኒስትር፣ መጨረሻ ላይ የሴኔት ተወዳዳሪ ሆነች። እኛ ጋ ብዙም አይወራላትም። እዚያ ግን ስሟን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

በ1954 ማኩርዲ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ደቡብ ምሥራቅ ካለው የአናምብራ ክልል የመጡ የኢግቦ ብሔር ሰዎች ናቸው። ንሱካ በሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ በ1978 በፋርማሲ ተመረቀች፤ በ1985 ደግሞ የባህል መድኃኒቶች ላይ ሠርታ ዶክትሬቷን እዚያው ያዘች። ከዚያ ማስተማርና ምርምር። በዚሁ ብትቀጥል ኖሮ ከተማሪዎቿ ውጪ ማንም አያውቃትም ነበር።

በ90ዎቹ ፒቲኤፍ የሚባል የመንግሥት ፈንድ ነበር፤ ከነዳጅ የሚገኘውን ገንዘብ ለመንገድ፣ ለሆስፒታል፣ ለመድኃኒት ያውላል። ኃላፊው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሙሐማዱ ቡሃሪ ነበሩ። ዶራ የደቡብ ምሥራቁ ቀጠና ጸሐፊ ሆና ገባች። ታመመችና ለንደን ሄዳ እንድትታከም 17,000 ፓውንድ ተሰጣት፤ 5,000ው ለምርመራ፣ 12,000ው ለቀዶ ሕክምና። እዚያ ያሉት ሐኪሞች አይተዋት ቀዶ ሕክምና አያስፈልግሽም አሏት። ተመለሰችና 12,000ውን ፓውንድ ለመሥሪያ ቤቷ ገቢ አደረገች።

ይሄ ወሬ ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ ጆሮ ገባ። በኤፕሪል 2001 ናፍዳክን፣ ማለትም የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንድትመራ ሾሟት። በዚያ ዓመት በተደረገ ጥናት ናይጄሪያ ገበያ ላይ ካለው መድኃኒት 41 በመቶው ፎርጅድ ነበር ይባላል። በ2006 ወደ 17 በመቶ ገደማ ወርዷል።

እንዴት አወረደችው? ሰው የሚያስታውሰው የሚቃጠለውን ክምር ነው። ካሜራ ተደርድሮ፣ በካርቶን የተከመረ የውሸት ክኒንና ሽሮፕ በእሳት ሲጋይ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መድኃኒት በአራት በር ብቻ ይግባ አለች። ሁለት የባሕር ወደብ፣ የሌጎሱ አፓፓና ካላባር። ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌጎስና ካኖ። በቃ። ያን የሚያህል አገር፣ ያን የሚያህል ድንበር! ሁሉንም መጠበቅ ስለማይቻል ዕቃው የሚያልፍበትን በር አጠበበችው። ሁለተኛ፣ ህንድ፣ ቻይናና ግብፅ ውስጥ መርማሪዎች መደበች፤ መድኃኒቱ መርከብ ላይ ሳይጫን እዚያው እንዲፈተሽ።

በ2008 መጨረሻ ላይ ግን ይሄን ሥራ ትታ የማስታወቂያና ኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሆነች። በ2010 መጨረሻ ደግሞ ሚኒስትርነቱን ለቃ ለሴኔት ተወዳደረች፣ ተሸነፈችም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ፖለቲካው ጠቀማት ወይስ ጎዳት? እኔ የራሴ አቋም አለኝ፣ መጀመሪያ እናንተን ልስማ።

ፋርማ_ብሌን፦

የቀበናው ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ፣ ስለ እሷ ሳነብ ነው ያደርኩት።

አንድ ነገር ዘለልክ። ቪቪያን የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። የስኳር ሕመምተኛ ናት። በ1988 ገና በ21 ዓመቷ ሞተች። ሰውነቷ ውስጥ የገባው ኢንሱሊን ፎርጅድ ነበር። እስቲ አስቡት፣ አንድ ቤት ውስጥ ታላቅ እህት የመድኃኒት ዶክተር፣ ታናሽ እህት በውሸት መድኃኒት ሟች። ዶራ ይሄን ደጋግማ በአደባባይ ተናግራለች፤ ለእሷ ጉዳዩ የመሥሪያ ቤት ወረቀት አልነበረም።

ሁለተኛው የ1990ው ጉዳይ ነው። ኢባዳንና ጆስ ከተሞች ውስጥ ከ100 በላይ ሕፃናት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጠጥተው ሞቱ። ሽሮፑ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል መግባት ሲገባው ዳይኤትሊን ግላይኮል ገብቶበት ነበር። ሁለቱም ወፈር ያሉ፣ ቀለም የሌላቸው ፈሳሾች ናቸው። በዓይን አትለያቸውም። ዳይኤትሊኑ ጣፋጭና ርካሽ ነው፣ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ኬሚካል። ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት ይመጣል፣ እናት በማንኪያ ትሰጠዋለች፣ ከቀናት በኋላ ሽንቱ ይቆማል። ኩላሊቱ ሞቷል ማለት ነው። እናትየዋ ደግሞ ትኩሳቱ ባሰበት ብላ ያንኑ ሽሮፕ ትጨምርለታለች።

ናፍዳክ በአዋጅ የተቋቋመው በ1993 ነው። ዶራ ስትመጣ መሥሪያ ቤቱም ሕጉም ነበሩ። የጠፋው የሚያስፈጽም ሰው ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦

ቆይ፣ ፎርጅድ ስትሉ ምን ማለት ነው? ኖራ ነው ክኒን ውስጥ የሚሞሉት?

ፋርማ_ብሌን፦

ምንም ፍቱን ነገር የሌለው አለ። ጊዜው ያለፈበትን አዲስ ቀን አትሞ የሚሸጥ አለ። ርካሹን ክኒን በውዱ መድኃኒት ፓኬት አሽጎ የሚሸጥም አለ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ትንሽ መድኃኒት ያለበት ነው። 500 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 50 ያለበት አንቲባዮቲክ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ በሽተኛው ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ ዳንኩ ይላል። ተህዋሱ ግን አልሞተም፣ መድኃኒቱን ለመደው። ከዚያ በኋላ እውነተኛውም አይሠራለትም። የወባውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የገዛው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም፣ ጎረቤቱንም ይነካል።

ሂውስተን_ነኝ፦

እኔ ሥራ ቦታዬ ናይጄሪያውያን ሞልተዋል። የዶራን ስም ስታነሳ ፊታቸው ይቀየራል። አንዷ ዕቃ በገዛች ቁጥር እናቷ የናፍዳክ ቁጥር አለው ወይ ብላ እያገላበጠች ታይ እንደነበር ነግራኛለች። ውሃ ይሁን፣ ብስኩት ይሁን፣ ክኒን ይሁን፣ የምዝገባ ቁጥሩ ከሌለበት ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ይሄን ለሰው ያስለመደችው እሷ ናት። የፎርጅዶቹን ስም ዝርዝር ጋዜጣ ላይ ታወጣለች፣ ራዲዮ ላይ ታስነግራለች፣ ተማሪ ቤት ድረስ ትገባለች። ዳቦ ጋጋሪዎቹን እንኳን ፖታሲየም ብሮሜት የሚባለውን ለጤና የማይበጅ ኬሚካል ሊጡ ውስጥ አትጨምሩ ብላ አስጨንቃቸዋለች።

ሌላው፣ ትልልቆቹ የመድኃኒት ገበያዎች ኦኒቻና አባ ናቸው። ሁለቱም የኢግቦ ከተሞች ናቸው፤ ኦኒቻ እንዲያውም የገዛ ክልሏ አናምብራ ውስጥ ነው። በ2007 ያንን የኦኒቻ ገበያ በፖሊስና በወታደር አዘጋችው። የራስን ሰፈር ገበያ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት የምታገኛቸው፣ ሠርግ የሚጠሩህ ሰዎች ናቸው።

ዋጋም ከፍላለች። ዲሴምበር 26 ቀን 2003፣ የገና ማግስት፣ አናምብራ ውስጥ በመኪና ስትሄድ ታጣቂዎች ተኮሱባት። ጥይቱ የራስ ሻሿን በስቶ የራስ ቆዳዋን ጨረፍ አድርጎ አለፈ። እሷ ተረፈች፤ በዚያ ተኩስ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሞተ። በዓመቱ 2004 ደግሞ የሌጎሱ የናፍዳክ ቢሮና ላብራቶሪ ተቃጠለ። ካዱና ያለውም ጥቃት ደርሶበታል። ሥራዋን አልተወችም።

ፋርማ_ብሌን፦

ላብራቶሪውን ማቃጠላቸው ብዙ ነገር ይናገራል። ማስረጃው ያለው እዚያ ነው። ናሙናው፣ መሣሪያው፣ መዝገቡ። ሰውየው እስር ቤት የሚገባው በላብራቶሪ ውጤት ነውና።

ሕጉ ደግሞ ለስላሳ ነበር። ዳኛ ፊት የቀረበ የፎርጅድ ነጋዴ በእስር ፋንታ እስከ 500,000 ናይራ ተቀጥቶ ሊወጣ ይችላል። በአንድ ኮንቴይነር ስንት ሚሊዮን ለሚያተርፍ ሰው ይሄ ቅጣት አይባልም። እሷም ይሄን እያነሳች ሕጉ ይቀየር ስትል ኖራለች።

አንባቢው፦

ሁላችሁም አወደሳችሁ። እኔ ሌላውን ወገን ላንሳ።

አንደኛ፣ ከ41 ወደ 17 የሚለው ቁጥር ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ይወሰናል። ትልቅ ከተማ ያለ ፋርማሲ ሌላ ነው፣ ገጠር ጉልት ላይ የሚሸጥ ክኒን ሌላ። መሻሻሉን አልክድም። ግን ቁጥሩን እንደ ሃይማኖት አንያዘው።

ሁለተኛ፣ በ2008 መጨረሻ ላይ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የሚሰጥ ሽሮፕ ነበር። ውስጡ የተገኘው ምን እንደሆነ ብሌን ታውቂዋለሽ፣ ያው ዳይኤትሊን ግላይኮል። 84 ሕፃናት ሞቱ። የ1990ው እልቂት ከ18 ዓመት በኋላ በዚያው ኬሚካል ተደገመ፤ ያውም እሷ መንበሩን ልትለቅ ሳምንታት ሲቀሯት።

ሦስተኛ፣ ሚኒስትር ስትሆን የሠራችው ዋና ነገር የናይጄሪያን ስም ማደስ የሚል ዘመቻ ነው። መፈክሩ ደግ ሕዝብ፣ ታላቅ አገር የሚል ነበር። በ2009 ስታስጀምረው አገሩ መብራት ይጠፋበታል፣ ነዳጅ እያመረተ ቤንዚን ይሰለፋል። ሰው ተናደደ። ሳይንቲስት ሆና ማስረጃ ይዛ ስትናገር የነበረች ሴት፣ መጥፎ ዕቃ በጥሩ ፓኬት አትሽጡ ስትል የኖረች ሴት፣ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነች። እኔ ይሄን መዋጥ አልቻልኩም። ፖለቲካው ጎድቷታል።

ጋሼ_66፦

ልጆች፣ ልግባ። እኔ በዕድሜዬ የናይጄሪያን የእርስ በርስ ጦርነት በራዲዮ የሰማሁ ሰው ነኝ። ፕሮፌሰር ዶራ አንደኛ ደረጃን የጨረሱት በ1966 ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን በ1973። መሐሉን ቁጠሩት። ከ1967 እስከ 1970 የቢያፍራ ጦርነት ነበር፤ የኢግቦ አገር ቢያፍራ ተብሎ ከናይጄሪያ ሊገነጠል የተዋጋበት። ኢግቦ አገር በረሃብ ያለቀበት ጊዜ ነው። የእሳቸው ትውልድ ልጅ ሆኖ ያየውን እናውቃለን። ከዚያ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ በማዕረግ መድረስ፣ ስድስት ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም።

አንባቢው ያልከው የስም ማደስ ዘመቻ ላይ እኔም አልከራከርም። ሹመት ተቀብሎ መንግሥትን አላወድስም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የ2010ውን ፌብሩዋሪ ሳትነካ አለፍህ። እሱን ሳይነኩ የእሳቸውን ፖለቲካ መመዘን አይቻልም።

አንባቢው፦

ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉልን እንጂ። እኔ ጉዳዩን ከሩቁ ነው የማውቀው።

ጋሼ_66፦

የቀበናው ልጅ ይጻፈው። ረጅም ነው፣ ዓይኔም አይረዳኝም።

የቀበናው_ልጅ፦

እሺ ጋሼ። እኔም ወደዚህ ነበር የምመጣው።

ኖቬምበር 2009 ፕሬዚዳንት ያር አዱአ ታመው ሳዑዲ አረቢያ ሄዱ። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ለፓርላማው ደብዳቤ ጽፎ ሥልጣኑን ለምክትሉ ለጊዜው ይሰጣል ይላል። ደብዳቤ የለም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሰውየው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሕዝቡ አያውቅም። ጃንዋሪ ላይ በስልክ ለቢቢሲ ትንሽ ተናገሩ፣ በቃ። ምክትሉ ጉድላክ ጆናታን ወንበር አላቸው፣ ሥልጣን የላቸውም። ዙሪያቸውን የያዙት ሰዎች ደግሞ ሥልጣኑ ከእጃቸው እንዳይወጣ ዝም አሉ።

ካቢኔው በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ሚኒስትሮቹ ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው ይላሉ። ይሄን ሁሉ ለሕዝብ መናገር ያለባት ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስትሯ ናት፣ ዶራ! ከስብሰባው ወጥታ ማይክራፎን ፊት የምትቆመው እሷ ነበረች።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2010 በጽሑፍ የተዘጋጀ ማስታወሻ ይዛ ካቢኔ ገባች። ፕሬዚዳንቱ ደብዳቤውን ይላኩ፣ ጆናታን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ይሁኑ የሚል ነው። ባልደረቦቿ ተነሱባት። ያኔ ከሚኒስትሮቹ መሐል በግልጽ ይሄን ያለች እሷ ነበረች፤ ዛቻም እንደደረሰባት ተናግራለች። በስድስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 9፣ ፓርላማው ያንን የቢቢሲ ቃለ ምልልስ እንደ ደብዳቤ ቆጥሮ ጆናታንን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አደረገ። ያር አዱአ በሜይ 5 አረፉ።

ማስታወሻዋ ብቻውን ይሄን አደረገ አልልም። መንገድ ላይ የወጣ ሕዝብ ነበር፣ ጠበቆች ነበሩ፣ ገዥዎች ነበሩ። ግን የካቢኔውን ዝምታ ከውስጥ የሰበረችው እሷ ናት። አንባቢው፣ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነች አልክ። አዎ ሆነች። ውሸት ተናገሪ ሲሏት ግን ምን እንዳደረገች ተመልከት። ከ12,000ው ፓውንድ ይልቅ እኔ ይሄን ነው የማከብርላት። ገንዘቡን ስትመልስ ማንም አይቃወማትም፤ እንዲያውም ተመሰገነችበት። እዚህ ግን ጠረጴዛውን ሙሉ ተቃውማ ነው የተናገረችው። ዩኒቨርሲቲ ብትቀር ወይም ናፍዳክ ብትቆይ ኖሮ ያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው ማለቱን ይቀጥል ነበር። ፖለቲካው ልክ ነበር የምለው ለዚህ ነው።

ሂውስተን_ነኝ፦

ይሄን ታሪክ እዚህ ያሉት ናይጄሪያውያን ሁለት ዓይነት ነው የሚያወሩት። አንዱ ጀግና ናት ይላል። ሌላው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታ ነው ይላል። እኔ ሁለተኛውን አልገዛም። ነፋሱን አይቶ የሚሄድ ሰው የጓደኞቹን ቁጥር ቆጥሮ ነው የሚናገረው። እሷ ብቻዋን ነበረች።

ፋርማ_ብሌን፦

ለአንባቢው ስለ ሽሮፑ ልመልስ። ያነሳኸው ጥያቄ ከባድ ነው፣ በቀላሉ ማለፍም አልፈልግም።

አምራቹ እዚያው ናይጄሪያ ውስጥ ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ነው። ኬሚካሉን ግን ከሌጎስ ያለ ፈቃድ ከሚሸጥ ነጋዴ ገዛ። ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው ተብሎ የተሸጠለት ሌላ ነገር ነበር። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ሳይመረምር ጠመቀው። የእሷ አራት በር፣ የእሷ መርማሪዎች ሁሉ ትኩረታቸው ከውጭ የሚገባ የተዘጋጀ መድኃኒት ላይ ነው። ይሄኛው አገር ውስጥ፣ በኬሚካል ንግድ በኩል ገባ። ስለዚህ ቀዳዳ ነበረው፣ አዎ። እያንዳንዱ በርሜል ሲመጣ ናሙና ወስዶ መመርመር የፋብሪካው ግዴታ ነው፣ ፋብሪካው እንዲያደርግ ማስገደድ ደግሞ የተቆጣጣሪው። ይሄ ኬሚካል በ2022 ጋምቢያ ውስጥም ከውጭ በገባ የሳል ሽሮፕ ሕፃናት ፈጅቷል። እኔ ይሄን ሳስብ እሷ ዩኒቨርሲቲና ናፍዳክ በቆየች ኖሮ የምለው ለዚህ ነው። ሚኒስትር የሚሆን ሰው ሞልቷል። በርሜል የሚያስመረምር ሰው ግን የለም። በፖለቲካው ላይ ከቀበናው ልጅ ጋር አልስማማም።

ጥያቄ_አለኝ፦

ሴኔት እንዴት ተሸነፈች? ያን ያህል የምትወደድ ከሆነ?

ሂውስተን_ነኝ፦

በዲሴምበር 2010 ከሚኒስትርነት ለቀቀች። አፕጋ በሚባለው ፓርቲ ለአናምብራ ማዕከላዊ የሴኔት ወንበር ቀረበች። ተፎካካሪዋ ክሪስ ንጊጌ ናቸው፣ እሳቸውም ሐኪም ናቸው፣ ቀድሞ የክልሉ ገዥ የነበሩ። ሰውየው በገዥነታቸው መንገድ ሠርተዋል፣ ሰው ይወዳቸዋል። በ2011 ምርጫው ተደረገ፣ ውጤቱ ሳይለይ ቀርቶ በአንዳንድ ቦታ እንደገና ተመረጠ፣ በመጨረሻ ንጊጌ በጥቂት መቶ ድምፅ አሸነፉ። ፍርድ ቤት ሄደች፣ አልተሳካላትም።

የኦኒቻ ነጋዴ ቂም እንደያዘባት የሚናገሩ አሉ። እኔ ግን ንጊጌ ቀላል ሰው ስላልነበሩ ነው እላለሁ። አገር የሚያውቃት ሴት መሆኗ ብቻውን የቀበሌ ድምፅ አያመጣም።

ጋሼ_66፦

በ2014 አቡጃ ውስጥ ብሔራዊ ጉባኤ ሲካሄድ አናምብራን ወክለው ገብተው ነበር። ፎቶግራፋቸውን ያየ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ያቺ ሙሉ ሴት አጥንታቸው ቀርቶ ነበር። የማሕፀን ካንሰር ነው። እንደዚያ ሆነው ስብሰባ ላይ ተገኙ። በጁን 7 ቀን 2014 ሕንድ አገር ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። 60 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ከምናምን ቀርቷቸው ነበር።

ባለቤታቸው ዶክተር ቺኬ አኩንዪሊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። በሴፕቴምበር 2021 ኦኒቻ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን ለሟች ሚስታቸው ያዘጋጁት መታሰቢያ ላይ ተገኝተው ሲመለሱ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ገደሏቸው። እሷን የሳታት ጥይት እሳቸውን አገኛቸው ያለ ሰው ነበር። እኔ ሁለቱን አላገናኝም፤ ያኔ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ግድያ በዝቶ ነበር። ብቻ ለልጆቹ አዘንኩ።

የቀበናው_ልጅ፦

ከልጆቹ አንዷን ብዙዎቻችሁ ሳታውቋት አትቀሩም። ንጂዴካ አኩንዪሊ ክሮዝቢ፣ አሜሪካ የምትኖረው ሠዓሊ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠውን የማካርተር ሽልማት አግኝታለች። ሥዕሎቿን ቀረብ ብላችሁ ብታዩ የግድግዳውና የልብሱ ቦታ በትንንሽ ፎቶ የተሞላ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የእናቷ ፊት የታተመበት ጨርቅ ታገኛላችሁ።

አንባቢው፦

የፌብሩዋሪውን ነገር እቀበላለሁ፣ ትልቅ ነው። የስም ማደሱን ዘመቻ ግን አሁንም አልቀበልም። ሁለቱም የእሷ ሥራ ናቸው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ናፍዳክ የእሷ የግል ጀግንነት ነበር ወይስ መሥሪያ ቤት ሆኖ ቀረ? አፍሪካ ውስጥ ጎበዝ ሰው ሲሄድ ቢሮው አብሮ ይሄዳል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሂውስተን_ነኝ፦

ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ፎርጅድ ዛሬም አለ፣ ገበያዎቹም ከእሷ በኋላ ተዘግተው ተከፍተዋል። ግን በ2010፣ እሷ ከወጣች በኋላ፣ አዲስ ነገር ጀመሩ። የተወሰኑ መድኃኒቶች ፓኬት ላይ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ቦታ አለ። ትፍቀዋለህ፣ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩን በስልክህ ቴክስት ታደርጋለህ፣ ወዲያው እውነተኛ ነው ወይም አይደለም የሚል መልስ ይመጣል። ነፃ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ሌጎስ ሄዳ ለአባቷ የወባ መድኃኒት ስትገዛ ባለሱቁ ራሱ ሳትጠይቀው ሳንቲም አውጥቶ ሰጣት፣ ፊቱ እንድትፍቀው።